ቤት ያገኘችና ቤት ያጣች ተዋናይት፤ ከሐረር እስከ ብሔራዊ ቴአትር

የኢትዮጵያ የመድረክና የፊልም ተዋናይት ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር ከአዲስ አበባ ይጀመራል፤ ተዋንያንን በደመወዝ ቀጥረው ለአሠርት ዓመታት ያኖሩት ትልልቅ ቴአትር ቤቶች የተሠሩት በዚያች ከተማ ነውና ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሆኖም የታሪኩ ክር ወደ መነሻው ቢሳብ የሚወስደው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐረር ነው። የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት ሰው በልጅነታቸው ያደጉት በሐረር ገዥ ቤት ሲሆን ያረፉትም በሐረርጌ፣ በሂርና ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ተዋናይቶች ትልቁ የሥራ ቤት የሆነው ቴአትር በስማቸው ተጠርቶ የነበረው ንጉሠ ነገሥትም የተወለዱት ከሐረር ብዙ በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አንዲት የሆሊውድ ተዋናይት ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና በዚችው ከተማ ፊልም ሠርታለች። ጸሐፌ ተውኔቱም፣ ንጉሡም፣ የውጭዋ ተዋናይትም በታሪኩ ሲገኙ የማትገኘው ሐረር ራሷ አስተምራ፣ ደመወዝ ቆርጣ፣ እስከ እርጅናዋ ያኖረቻት ተዋናይት ናት። ይህ ለምን ሆነ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ተቃራኒውን ዕድል ያገኘችውን የአዲስ አበባዋን ተዋናይት የአስናቀች ወርቁን ሕይወት ከሐረር ጋር አጎራብቶ በማየት ነው።

ከግንቡ ውስጥ ያለው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው ግንብ የተከበበው ይህ ከተማ 48 ሄክታር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ 82 መስጊዶችንና 102 የቅዱሳን መቃብሮችን በውስጡ በመያዙና በተለየ የቤት አሠራሩ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሐረሪ ቤት ከመንገድ ሲያዩት ግድግዳና በር ብቻ ነው፤ ግቢው ታልፎ ወደ ዋናው ክፍል ሲገባ ግን በቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ቁመታቸው የተለያየ መደቦች ይታያሉ፤ መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፣ ማን በየትኛው ነደባ እንደሚቀመጥም በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። ግድግዳው ሴቶቹ በእጃቸው በሰፏቸው ሰፌዶችና በየዓይነቱ ዕቃዎች የተሸፈነ ነው። ለእይታ የተሰናዳ ቤት ከተፈለገ ይህ ራሱ ነው፤ ተመልካቹ ከፍ ብሎ በየማዕርጉ ይቀመጣል፣ ትርኢቱ በመካከሉ ባለው ቦታ ይካሄዳል።

ትርኢቱም አልጠፋም። በሰርግ ወቅት ሴቶች ተሰብስበው ከረቡ የሚሉትን ከበሮ እየመቱ፣ ከበል የሚባለውን የእንጨት ማጨብጨቢያ እያጋጩ ጌይ ፈቀር በሚል ስም የሚታወቁትን የከተማይቱን ዘፈኖች ይቀባበላሉ፤ አንዲት ሴት ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ያነሡታል። ልብሱም ቢሆን የራሱ ቋንቋ አለው፤ ያገባች ሴት ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ በሁለት ጠቅልላ ጉፍታ በሚባል መረብ ስትሸፍን፣ ያላገባችው ልጅ ከዚህ በተለየ ሁኔታ ስለምትታይ ገና አፏን ሳትከፍት የምትይዘው ስፍራ ይታወቃል። ከረመዳን በኋላ ስድስት ተጨማሪ የጾም ቀናት ሲፈጸሙ የሚከበረው ሹዋሊድ ደግሞ ወንድና ሴትን፣ ወጣትና ሽማግሌን ሌሊቱን በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበራ መቃብር ስፍራዎች ያሰባስባል፤ በዚያ ዚክሪ የሚባለው የምስጋና ዜማ ከከበሮ ጋር ይቀርባል። ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

እንግዲህ የሐረር ሴት ከጥንት ጀምሮ በሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን ማሰማት ታውቃለች ማለት ነው። ይሁንና ይህ ጥበብ ሁለት ነገሮች ከትወና ሙያ ይለዩታል። የመጀመሪያው ዘፋኟ ራሷን ሆና እንጂ ሌላ ሰው ሆና አለመቅረቧ ነው፤ ሁለተኛውና ይበልጥ ከባዱ ደግሞ ጥበቡ የማይሸጥ መሆኑ ነው። ሴቶቹን በሰርግና በሐዘን የሚያገናኛቸው አፎቻ የሚባለው ማኅበር ሲሆን፣ ከሌላው አገር እድር ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ጠልቆ የገባ ነው። በአፎቻ ውስጥ ዛሬ በጎረቤቷ ሰርግ የዘፈነች ሴት ዋጋዋን የምታገኘው ነገ በልጇ ሰርግ ሲዘፈንላት ነው፤ ብድር በብድር ይመለሳል እንጂ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ጥበብን ለዘመናት ጠብቆ ያቆያል፣ በጥበቧ ብቻ የምትኖር ሴትን ግን አይፈጥርም። በኋላ ዘመን ድምፃቸውን በቴፕ ያስቀረጹ የሐረሪ ሴት ድምፃውያን መነሣታቸው እውነት ቢሆንም፣ ከዘፈን ወደ ተውኔት የሚያሻግር ደረጃ አልተሠራላቸውም።

ተውኔትን በተመለከተ ግን ሐረር ከማንም ከተማ ቀድማ የምትጠቀስበት ሰው አላት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጡና በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ራስ መኰንን ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ እጅ ስትገባ ገዥ ሆነው የተሾሙ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ያስተዳደሯት መስፍን ናቸው። ብላቴናው ተክለ ሐዋርያት በ12 ዓመታቸው ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዓድዋ ዘመቱ፤ ከድሉም በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፣ በአውሮፓም የቴአትር ቤትን ወግ አዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ተውኔት ጻፉ፤ ተውኔቱም በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ታየ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ዘመኑ አስተዳደርና ሙስና እንደሆነ ተመልካቹ ስላልሳተው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ እገዳውም ለተከታዮቹ ዓመታት በቴአትር ላይ ጥላውን ጣለ። ተክለ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ አገራቸውን በመንግሥታት ማኅበር ወከሉ፣ በ1969 ዓ.ም. በሐረርጌ በሂርና እርሻቸው ባለበት አገር ዐረፉ። በሐረር ያደገው ሰው ተውኔቱን ያሳየው በአዲስ አበባ ሆቴል መሆኑ ለሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ምልክት ይመስላል፤ ደራሲው ከየትም ሊመጣ ይችላል፣ አዳራሹ ግን ቤተ መንግሥቱ ባለበት ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ተውኔት ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ስለነበሩ ሴትን ማን ይወክል የሚለው ጥያቄ አላስጨነቀም። ጥያቄው የመጣው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔት እየደረሱ በተማሪዎች ማሳየት ሲጀምሩ ነው፤ ሴት በመድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበረ መልካቸው ለጋ የሆነ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የእናትን፣ የሙሽራንና የእመቤትን ቦታ ይይዙ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ዘፈንንና ቀረርቶን ከአጭር ተውኔት ጋር አዋሕዶ ለሕዝብ ሲያቀርብም ልማዱ ይኸው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የራሱን የቴአትር ክፍል ባደራጀ ጊዜ ግን ተመልካቹ በዝቶ፣ ተውኔቱም ረዝሞ፣ በፍቅር ታሪክ ላይ የቆመ ድርሰት እየተለመደ ስለመጣ፣ ጢሙን ተላጭቶ የሚያለቅስ ወንድ ከእንግዲህ የሚያሳምን አልሆነም።

አስናቀች ወርቁ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ የተወለደችው አስናቀች ገና ሕፃን ሳለች ወላጅ ያጣች፣ ክራርንም በራሷ ጥረት የተማረች ልጅ ነበረች። ክራር አምስት ወይም ስድስት ጅማት ያለው፣ በጣት ወይም በግርፍ የሚመታ የዜማ መሣሪያ ሲሆን፣ በጊዜው ከበገና ጋር እየተነጻጸረ ይናቅ ነበር፤ በገና ለጸሎትና ለመኳንንት፣ ክራር ለጠጅ ቤትና ለፍቅር ይባላልና። ክራር የያዘች ሴት ደግሞ እጥፍ ትናቃለች፤ አዝማሪ ማለት ጌታን የሚያወድስ፣ ሠርገኛን የሚያጫውት፣ እግረ መንገዱንም የሚነቁር የዘፈን ባለሙያ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ይሰጣት ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ግድም ወጣት ሳለች፣ የፍቅር ጮራ በተባለው ተውኔት በመድረክ ላይ ወጣች፤ ይህም በኢትዮጵያ አንዲት ሴት የሴትን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችበት የመጀመሪያው ትርኢት ተብሎ ይጠቀሳል። እንዲህ ያሉ የመጀመሪያነት ማዕርጎች ሁልጊዜ ክርክር አያጡም፤ እንደ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ያሉ የዘመን ጓደኞቿም በዚያው ፈር የሄዱ ናቸው። የሚያከራክረው ማን በየትኛው ምሽት ቀደመ የሚለው እንጂ ሥራውን ዕድሜ ልኳን ሙያ አድርጋ የያዘች መሆኗ አይደለም።

ይህን ሙያ ሙያ ያደረገው ሕንፃው ነው። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ቤት ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ተውኔት በዳዊትና ኦሪዮን ተመረቀ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ይህ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ተዛውረው ወደዚያ የገቡትን ሙዚቀኞችና ተዋንያን ካሠለጠኑት የውጭ ሰዎች መካከል ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ይገኙበታል። ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ዘመናዊ ኦርኬስትራን፣ የባህል ሙዚቃ ክፍልን፣ ተወዛዋዦችንና ተዋንያንን ያቀፈ ስለነበረ፣ አንዲት ሴት በአንዱ ሳምንት የመሳፍንት እመቤት ሆና ተውኔት ትጫወታለች፣ በሚቀጥለው የዘፈን ዝግጅት ክራሯን ይዛ ትቀርባለች። በወር መጨረሻ የምትቀበለው ደመወዝ ተውኔቱ ቢወደድም ባይወደድም አይቀርባትም፤ መራሔ ተውኔት ማለትም ድርሰቱን ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው አዘጋጅ ይመድባታል፤ ከእርሷ የቀደሙት ስሕተቷን ያርማሉ፣ ከእርሷ በኋላ የመጡት ይማሩባታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕዝቡ በስሟ ያውቃታል። የመድረክ ትዝታ የሚሠራው አንዱን ፊት በብዙ ሚና ደጋግሞ በማየት ስለሆነ፣ ተመልካች ሲያረጅ ተዋናይትም አብራው ታረጃለች፤ ይህ ደግሞ ቋሚ ቤት በሌለበት የማይገኝ ነገር ነው።

አስናቀች ከጠጅ ቤት ያመጣችውን ግን ቤቱ አላስተማራትም። ክራር ተጫዋች የምትኖረው በመልስ ነው፤ አድማጭ የወረወረውን ቃል በዚያው ቅጽበት በግጥም ትመልሳለች፣ ላይ ላዩን ምስጋና የሚመስለውን ውስጡን ነቁራ ታደርገዋለች፤ በቅኔ ትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለው፣ ለጆሮ የቀረበው ትርጉም ሌላውን የሚደብቅበት ስልት በእርሷ አፍ የዕለት ንግግር ነበር። በመድረክ የተቀባበለቻቸው የግጥም ሙግቶች እስከ ዛሬ የሚወሱት በዚህ ነው። የተዋናይ ትልቁ ችሎታ የሌላውን ቃል አዳምጦ እንደ አዲስ መመለስ ከሆነ አስናቀች ይህን ያገኘችው ኅብረተሰቡ ከናቀው ሥራ ነው፤ ስድቡና ትምህርቱ ከአንድ ምንጭ ወጥተዋል። አለባበሷና ድፍረቷ በዘመኗ ብዙ ያስወራ ነበር፤ ይሁንና ሐሜቱ አዳራሹን እንደሞላው እንጂ እንዳጎደለው አይነገርም። ዘፈኖቿ በፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚዘጋጀው ኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ በ16ኛው ቅጽ ለዓለም ቀረቡ፤ ራሔል ሳሙኤል አስኒ በሚል ርእስ የሠራችው ዘጋቢ ፊልምም ሕይወቷን መዝግቧል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች።

ከአስናቀች የሕይወት ታሪክ ሦስት ነገሮችን ነጥሎ ማውጣት ይቻላል፤ ለብቻዋ በድምፅዋ የምታድር ሴት ቀድሞውንም በከተማው መኖሯ፣ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልበት ቤት መሥራቱ፣ እንዲሁም ተመልካቹ በየሳምንቱ የሚመጣበት ትልቅ ከተማ መሆኑ። ሐረርን የአፎቻ ሥርዓት በሚገባ ስላደራጃት የመጀመሪያው አላስፈለጋትም። ሦስተኛውን ደግሞ በአጋጣሚ አጣችው። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ ከሥር ባለው ሜዳ አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ፈጠረ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ንግዱ፣ የውጭ ሰዎች ማኅበረሰብ፣ የሲኒማ ማሽኑና ተጓዥ ትርኢቱ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ፤ በ1950ዎቹም የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድንና ወጣቱ ዓሊ ቢራ የተነሡት ከድሬዳዋ ነው። ለዘመናት የምሥራቁ ንግድ ማእከል የነበረችው ሐረር የጦር አካዳሚና የአስተዳደር ከተማ ሆና ቀረች። ሁለተኛውን፣ ደመወዝ የሚከፍለውን ቤት፣ ደግሞ አላገኘችም፤ በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ ኪነት የሚባሉ የዘፈን፣ የውዝዋዜና የአጭር ድራማ ቡድኖች ሲቋቋሙ ሐረር የክፍለ ሀገር መዲና እንደመሆኗ ብዙ ልጃገረዶች መድረክ የመውጣት ዕድል አግኝተዋል፤ ቡድኖቹ ግን ከዘመቻና ከበዓል ጋር የታሰሩ ነበሩና ሥርዓቱ ሲወድቅ አብረው ተበተኑ። በ1970ዎቹ መባቻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈትም ትምህርቱ፣ መድረኩና ደመወዙ በአንድ ከተማ ተሰበሰቡ።

ሐረር እንደ ገና በትወና ስም የተነሣችው በካሜራ ነው። ካናዳዊቷ የሥነ ሰብእ ምሁር ካሚላ ጊብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጁገል ተቀምጣ ባደረገችው ጥናት ላይ ተመሥርታ ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ የተባለውን ልብ ወለድ በ2005 እ.ኤ.አ. አሳተመች። ታሪኩ የሚያወሳው በወላጆቿ ሞሮኮ ውስጥ ተጥላ በእስልምና ያደገችና በኋላም ወደ ሐረር የመጣች ሊሊ የምትባል እንግሊዛዊት ልጅን ነው፤ ቁርዓን ታስተምራለች፣ አዚዝ የተባለ ሐኪም ትወዳለች፣ በ1966ቱ አብዮት ግን ወደ ለንደን ትሰደዳለች። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ አዘጋጅነት ከፊሉ በሐረር፣ ከፊሉ በአየርላንድ የተቀረጸው ፊልም በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በቶሮንቶ ሲታይ ሊሊን የተጫወተችው ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሆሊውድ የታወቀችው ዳኮታ ፋኒንግ ነበረች። ቅንጫቢው ከወጣ በኋላ ነጭ ሴት ኢትዮጵያዊት ሆና ትጫወታለች የሚል ቁጣ በማኅበራዊ መገናኛ ተነሣ፤ ተዋናይቷም ገጸ ባሕርይዋ ኢትዮጵያዊት ሳትሆን በአፍሪካ የተተወች እንግሊዛዊት መሆኗን አስረዳች። በዚህ ረገድ ትክክል ነበረች፤ ልብ ወለዱም እንደዚያው ነው።

ቁጣው የሳተው ሌላውን ሚና ነው። አሚና የተባለችውን ኢትዮጵያዊት ስደተኛ የተጫወተችው የናይጄርያ ተወላጅ የሆነችው እንግሊዛዊት ዉንሚ ሞሳኩ ነበረች፤ ችሎታዋ የሚያጠራጥር ባይሆንም፣ ሐረርን ማእከል ባደረገ ፊልም ለኢትዮጵያዊት ተዋናይት የሚገባው ትልቁ ሴት ሚና ወደ ሌላ መሄዱን ብዙ ሰው አላነሣውም። ምክንያቱን ለመረዳት የፊልም ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ማወቅ ይበቃል፤ በብዙ አገሮች ትብብር የሚሠራ ፊልም ባለ ገንዘቦችና አከፋፋዮች ብራቸውን የሚያወጡት በመሪ ተዋንያን ስም ዋስትና ስለሆነ፣ በለንደን ወይም በሎስ አንጀለስ ስሟ ያልታወቀ ተዋናይት ከምርጫው ሳትደርስ ትቀራለች። ያው አዘጋጅ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን ድፍረት የተባለ ፊልም በአማርኛ ሲሠራ ጠበቃዋን የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት፣ ተጠላፊዋን ልጅ የተጫወተችው ትዕግሥቷ የሚደነቅላት ታዳጊ ትዝታ ሀገሬ ነበረች። የአዘጋጁ ዓይን በሁለቱ ፊልሞች መካከል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቋንቋውና የገንዘቡ ምንጭ ነው። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ2013 ዓ.ም. ለዓለም ያቀረበችው ፋያ ዳዪ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዶ፣ የአካባቢውን ሰዎች ራሳቸውን እንዲሆኑ አድርጎ በጥቁርና ነጭ ቀርጿል፤ ውብ ሥራ ነው፣ ዘጋቢ ፊልም በመሆኑ ግን ተዋናይት አያፈራም።

ቤት ለተዋናይት ምን እንደሚያደርግ ለማየት በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት የተወለደችውን ሩት ነጋን መመልከት ይቻላል። በሎቪንግ ፊልም ለኦስካር ብትታጭም፣ ከዚያ በኋላ ተመልሳ በደብሊን ጌት ቴአትር ሐምሌትን ራሱን የተጫወተችው፣ በብሮድዌይም ሌዲ ማክቤትን የሆነችው እነዚያ ቤቶች ስለነበሩላት ነው። በጁገል የተወለደች እኩያዋ ተመሳሳይ ተሰጥኦ ቢኖራት እንኳ የመጀመሪያ ሥራዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ይሆናል። ሐረር አዳራሽና የባህል ቡድን አላት፤ የሚያስፈልጋት ጥቂት ተዋንያንን በዓመት ደመወዝ ይዞ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ተውኔት የሚያሳይ ቋሚ ቡድን ነው፤ ወጪውም ከተማይቱ ለበዓላት ከምታወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያስፈራ አይሆንም። እስከዚያው ድረስ ግን በኪነት ዘመን በሐረር መድረክ የወጡ ሴቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋልና፣ በየቤቱ የቀረ ፎቶግራፍ፣ የትርኢት መጥሪያ ወይም በእጅ የተጻፈ ድርሰት ያላችሁ በራስ ተፈሪ ቤት ላለው ለሸሪፍ ሙዚየም አስረክቡ፤ ስማቸውንም ጻፉበት።